በጦር ሰፈር የዘገየ ልጅ

የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ሰው መጠበቅን ያውቃል። በክረምት የሮቢ ወንዝ ሲሞላ መንገደኛው ሸክሙን አውርዶ ውኃው እስኪጎድል በዳር ይቀመጣል። ባሕር ማዶ የዘመተ ወታደርም እንዲሁ ነው። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ከፑሳን ወደብ ደረሰ። ሆኖም ወዲያው ወደ ግንባር አልሄደም፤ በዚያው ሰፍሮ አዲስ መሣሪያ እየተለማመደ ሳምንታት ቈየ። በኮሪያ ከወደቁት መካከል የብዙዎቹ ዐፅም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ቡና አፍልታችሁ በተነገራችሁ ቀን ልጃችሁ ባይደርስ፣ ረሳን ብላችሁ አትዘኑበት። እርሱም በጦር ሰፈሩ ጓዙን አሥሮ፣ «ነገ» እየተባለ ውሏልና። እናንተ በጸሎት፣ እርሱ በትዕግሥት ጠብቁ።