ጣርማ በርን የሚያወጣው ካምቢዮ ነው

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በር የሚደርስ የጭነት መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሾፌር የሚፈተነው በተለይ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጠመዝማዛ ነው። ጫፉ ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ አለ። የመንዝ እህልና ሸቀጥ የሚመላለስበት የመሐል ሜዳ መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ከጣርማ በር ነው።

ከባድ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። እኔ ግን ካምቢዮው ይቅደም ባይ ነኝ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተለይ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ጉድለቱን የሚሸፍነው ማርሽ ነው። ሞተሩ ብዙ ጊዜ እየዞረ ጎማው ጥቂት እንዲዞር ያደርጋል፤ ፍጥነት ይሰጥና ጉልበት ይቀበላል።

አባቶቻችን የሚያውቁት ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682፣ የፈረስ ጉልበቱ 200 እንኳ አይሞላም ነበር። ግን 4ቱ ማርሽ በመቀነሻ እየተባዛ 8 ይሆንለታል። እያቃሰተ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነትም ቢሆን ይወጣል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ የሚከተለው ለዚሁ ነው፤ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ታኮው ጎማው ሥር ይገባል።

ዛሬ መንገዱን የያዘው ሲኖትራክ ነው። የብዙዎቹ ካምቢዮ 10 ወደፊት፣ 2 ወደኋላ ነው። ዱላው ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ በአየር ግፊት የታችኛውን 5 ወደ ላይኛው 5 ታሸጋግራለች። በ1ኛው ማርሽ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ አንዴ ብቻ ይዞራል፤ በ10ኛው ግን እኩል ናቸው።

እንግሊዞችም ይህንኑ የሞተርና የካምቢዮ ጥያቄ ተጋፍጠዋል። የጭነት መኪና አምራቹ ኢአርኤፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ለአውሮጳ ገበያ ያቀረበው መኪና 335 የፈረስ ጉልበት ያለውን የካሚንስ ሞተር ባለ 9 ማርሽ ከሆነው የፉለር ካምቢዮ ጋር ያጣመረ ነበር። ፉለር ሸክሙን በሁለት ጎን ዘንጎች ስለሚያካፍል ጠንካራ ነው፤ የማርሾቹን ዙር የሚያስማማ ሲንክሮናይዘር ግን የለውም። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ የሞተሩን ዙር ካላስማማ ጥርሱ ይጮሃል። ለለመደው ሰው ምቹ ነው፣ ለጀማሪ ቅጣት።

ዳገቱ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ፍሬን ብቻውን ጭነቱን ከያዘ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ አይዝም። ያን ጊዜ ማርሽ ልቀንስ ማለት ዘግይቷል፤ ዱላው ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በኩል የምትመጡ ሾፌሮች፣ ጭኖ ለመውጣት የምትመርጡትን ከባድ ማርሽ ዋሻው ሳትገቡ አስገቡ፤ እስከ ደብረ ሲናም አታውጡት።