ስሙ ያልተጻፈው ቄስ

ሃሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎት ቶም ጎጆ»ን በ1852 እ.ኤ.አ. ስታሳትም፣ የኤላይዛን ሽሽት ብዙዎች አላመኑትም። ባሪያ አዳኞች የደረሱባት እናት ልጇን እንደታቀፈች ከበረዶ ግግር ወደ በረዶ ግግር እየዘለለች የኦሃዮን ወንዝ ትሻገራለች። «ይህማ ፈጠራ ነው» ተባለ። ደራሲዋ በዓመቱ ባወጣችው የማስረጃ መጽሐፍ መለሰች፦ አንድ የኦሃዮ ፕሬስቢቴሪያን ቄስ፣ ሴቲቱን ከወንዙ ዳር ደግፎ ካወጣት ሰው ታሪኩን እንደሰሙና እሷም ካናዳ እንደምትኖር ነግረዋታል። የቄሱን ስም ግን አልጻፈችም።

መጻፍም አይቻልም ነበር። የ1850ው ሕግ ኮብላይ ባሪያ የሸሸገን ሰው እስከ 6 ወር በሚደርስ እስርና እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣ ነበር። ከወንዙ ዳር በምትገኘው ሪፕሊ የብረት ማቅለጫ የነበረው ጆን ፓርከር፣ ራሱም ነፃነቱን በ1,800 ዶላር የገዛ ሰው፣ የረዳቸውን 315 ሰዎች የመዘገበበትን ደብተር ሕጉ ሲወጣ እቶን ውስጥ ጣለው። ታሪክ ጸሐፊ አንጀቱ ይረር እንጂ፣ ደብተሩ ቢያዝ ስንቱ ወደ ባርነት ይመለስ ነበር!

የረዳቶቹ ስሞች መውጣት የጀመሩት ባርነት ከቀረ በኋላ ነው። ፕሮፌሰር ዊልበር ሲበርት ኮብላዮችን ከረዱት መካከል በሕይወት የቀሩትን አዛውንት በደብዳቤና በቃል እየጠየቁ በ1898 መጽሐፍ አሳተሙ። እዚያ ከሚገኙት ስሞች አንዱ የሪፕሊው ቄስ ጆን ራንኪን ነው። ቤታቸው ከኮረብታ ላይ ሆኖ ባርነት የተፈቀደባትን ኬንታኪን ቁልቁል ያያል፤ ማታ መስኮቱ ላይ የሚበራው መብራት ለኮብላዮች ምልክት ነበር። 13 ልጆች ነበሯቸው፤ ወንዶቹ እንግዶቹን በሌሊት ወደሚቀጥለው መሸሸጊያ ያደርሱ ነበር። በ1838 ክረምት በረዶውን የተሻገረችው እናትም እነሱ ቤት አርፋ እንደሄደች ቤተሰቡ በኋላ ተናግሯል።

የሚገርመው፣ ራንኪን ሐሳባቸውን ደብቀው አያውቁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ባሪያ ለገዛው ወንድማቸው ለቶማስ የጻፏቸው ተቃውሞዎች ከ1824 ጀምሮ በሪፕሊ ጋዜጣ ወጥተዋል፤ ቶማስም በኋላ ባሪያዎቹን ነፃ አውጥቷል። ቄሱ ምን እንደሚያስቡ አገር ያውቃል፤ ትናንት ማን ቤታቸው እንዳደረ ግን ማንም አያውቅም። በ1841 የታጠቁ ሰዎች በሌሊት ቤቱን ሲያጠቁ ልጆቻቸው ተኩሰው መለሷቸው።

ፓርከር በ1880ዎቹ ለአንድ ጋዜጠኛ የሰጠው ቃል ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ቆየ። በመጽሐፍ የታተመው በ1996 ነው።