ግፊቱ ከኩላሊት ቢመጣስ?

ሶፍ ዑመር ዋሻ የገባ ሰው የዌብ ወንዝ በድንጋይ መሐል እንዴት እንደሚያልፍ አይቷል። ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ረጋ ይላል፣ ሲጠብበት ይጣደፋል። በሰውነታችን የሚዘዋወረው ደምም መንገዱ ሊጠብበት ይችላል። መንገዱ የጠበበው ወደ ኩላሊት ከሆነ ግን ጣጣው ለመላው አካል ይተርፋል።

ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀበላሉ። ደም ቅዳቸው ሲጠብ የሚደርሳቸው ግፊት ይቀንሳል። ኩላሊትም የሰውነት ግፊት የወረደ መስሎት ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ከዚያ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ጨውና ውኃ ከሰውነት አልወጣም ይላሉ፣ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ጎልድብላት በ1934 እ.ኤ.አ. የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በመቆንጠጫ አጥብቦ ይህንኑ አሳይቷል።

በዕድሜ በገፉ፣ በሚያጨሱና ስኳር ባለባቸው ሰዎች መንገዱን የሚያጠብበው ብዙውን ጊዜ የስብ ክምችት ነው። በወጣት ሴቶች ደግሞ የደም ቅዳው ግድግዳ አለአግባብ መወፈር ወይም ታካያሱ የሚባለው የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል።

እኛ ቤት ግፊት «ከእናቷ የወረሰችው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ግፊት ተለይቶ የሚታወቅ አንድ ምክንያት የለውም። ግን ከ30 ዓመት በፊት የጀመረ፣ በድንገት የባሰ ወይም ሦስት መድኃኒት እየተወሰደ አልወርድ ያለ ግፊት «ኩላሊቴ ታይቷል?» ያሰኛል።

ጥያቄው ለመድኃኒት ምርጫም ይጠቅማል። ኤናላፕሪል ብዙ ሰው የሚወስደው ጥሩ መድኃኒት ነው። የሁለቱም ኩላሊት ደም ቅዳ ለጠበበበት ሰው ግን የኩላሊትን ሥራ ሊያዳክም ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ስለዚህ ከተጀመረ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሬአቲኒን በደም ምርመራ ይታያል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደጋ አለው፤ ሐኪም ይወስን።

ሕክምናው ሁልጊዜ ቀዶ ጥገና አይደለም። በስብ ለጠበበው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት በደም ቅዳው ውስጥ ስቴንት ማስገባት ከመድኃኒት ብቻ የተሻለ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። ግድግዳው በመወፈሩ ለጠበበባቸው ወጣቶች ግን በፊኛ ማስፋት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ሮቤ ወይም ጎባ ያለ ቤተሰብ በሽንትና በደም ምርመራ፣ በአልትራሳውንድም የሁለቱን ኩላሊቶች መጠን በማስለካት መጀመር ይችላል፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ካነሰ ፍንጭ ነው። ሪፈር ተጽፎ አዲስ አበባ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ካስፈለገ፣ የሁለት ሳምንት የግፊት ልኬት በወረቀት፣ የመድኃኒቶቹም ካርቶን በቦርሳ ይያዝ።