የሶፍትዌር መስፈርት አጻጻፍ ዘዴዎች ንጽጽር ከሮቢት የውኃ ተራ አንጻር

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር ሲያሠሩ ቀዳሚው ተግባር መስፈርት ማዘጋጀት ነው። መስፈርቱ በተለመደው ቋንቋ ብቻ ሲጻፍ ግን ለተለያየ ትርጉም ይጋለጣል። ይህን ለማስቀረት በሒሳብና በሎጂክ ላይ የተመሠረቱ የአጻጻፍ ዘዴዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል።

በሰሜን ወሎ በሮቢትና በአካባቢዋ አርሶ አደሩ የጎርፍና የከርሰ ምድር ውኃን ለመስኖ እንደሚጠቀም ይታወቃል። ለአብነት ያህል፣ የውኃ ተራን የሚመድብ ሶፍትዌር ቢታሰብና መስፈርቱ «ባለተራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ያጠጣል» ቢል፣ የውኃ አባቱ እኩለ ሌሊት መሆኑን ወዲያው ይረዳል። በውጭ አገር አቆጣጠር የሚሠራ ባለሙያ ግን ንጋት ላይ ሊመድበው ይችላል። ፕሮግራሙ ዓመቱን በ12 ወራት ብቻ ከቆጠረም ተራው ጳጉሜን ላይ የዋለ አርሶ አደር ከመዝገቡ ይቀራል። ያለፈ ውኃ ስለማይመለስም ስህተቱ ሰብል ያሳጣል።

በቪየና የአይቢኤም ላቦራቶሪ የተጀመረው ቪዲኤም፣ እያንዳንዱ ተግባር ከመፈጸሙ በፊትና ከተፈጸመ በኋላ መሟላት ያለበትን ሁኔታ ይደነግጋል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው ዜድ «በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦይ የሚያጠጣው አንድ ሰው ብቻ ነው» የሚለውን የመሰለ ምንጊዜም የማይጣስ ደንብ በስብስብ ሒሳብ ይገልጻል። ቢ የተባለው ዘዴ በበኩሉ መስፈርቱን ደረጃ በደረጃ እያረጋገጠ እስከ ፕሮግራሙ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው ሹፌር አልባው የፓሪስ ሜትሮ 14ኛ መስመር የደኅንነት ሶፍትዌር በዚሁ ዘዴ ተሠርቷል።

የሌስሊ ላምፖርት ቲኤልኤ ፕላስ በጊዜ ሒደት ላይ ያተኩራል፤ «ተራ የያዘ ሁሉ ውሎ አድሮ ውኃ ያገኛል» የሚለውን ለመፈተሽ ያስችላል። አሎይ ደግሞ በጥቂት አርሶ አደሮችና ቀናት ምሳሌ ደንቡን የሚያፈርስ አጋጣሚ ፈልጎ ያሳያል።

ይሁንና የትኛውም ዘዴ የተጻፈው ደንብ ፍትሐዊ መሆኑን አይወስንም። ስለሆነም አሠሪው መሥሪያ ቤት ከእያንዳንዱ የሒሳብ ድንጋጌ ጎን የአማርኛ ፍቺ እንዲቀመጥ ማድረግና ውል ከመፈራረሙ በፊት ለውኃ አባቶችና ለተጠቃሚዎች አንብቦ ማስተቸት ይጠበቅበታል።