ዳማከሴ ወይስ የወፍ ቆሎ?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ፦ ከሩቅ የተነሳ አረንጓዴ ነገር፣ ከኋላው የግቢ ግንብ፣ ከሥሩ «ይሄ ምንድነው?»። አበባ የለው፣ ፍሬ የለው። በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ስም መስጠት አልወድም። ለምን እንደሆነ ሰሞኑን በደረሰኝ አንድ ጥያቄ ላስረዳ።

አያት አካባቢ ቤት የተከራየች ተከታታያችን ናት። ከማድ ቤቱ ጀርባ ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ አለ። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤ አከራዮቹ ውጭ አገር ናቸው፣ የቀድሞው ተከራይም ወጥቷል። ጎረቤቷ እትዬ በአጥር በኩል አይተው «ዳማከሴ ነው የኔ ልጅ፤ ልጅሽን ምች ሲመታው ጨምቀሽ በቡና ታጠጪዋለሽ» ብለዋታል። የስልኳ መተግበሪያ ደግሞ አራት አምስት ስም ከነመቶኛው ደርድሮላታል፤ አንዱም ዳማከሴ አይደለም። (እነዚህ መተግበሪያዎች የውጭ አገር ጌጥ አበባ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ የኛ አገር ቁጥቋጦ ሲሆን ይደነባበራሉ። የሚሰጡትን ስም እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ መልስ አትውሰዱት።) ለጌጥ ቢሆን «ቆይ እስኪያብብ» ብዬ አልፈው ነበር። ልጅ የሚጠጣው ነገር ከሆነ ግን መገመት አይቻልም።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ ነው። ጌሾ፣ ግራዋ፣ ጤና አዳም ቅጠላቸውን አንድ በአንድ፣ ግራ ቀኝ እያፈራረቁ ያወጣሉ። ቡና፣ ስሚዛ፣ በሶብላ ግን ከአንዱ አንጓ ላይ ሁለት ቅጠል ፊት ለፊት ያወጣሉ። የእሷ ፊት ለፊት ነው። አበባ ወቅት ጠብቆ ይመጣል፣ የቅጠል አቀማመጥ ግን ክረምት ከበጋ አይለወጥም፤ በዚህች አንዲት ጥያቄ ብቻ ከጠረጠርናቸው እጽዋት ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

ቀጥሎ ግንዱ። «ለጋውን ቅርንጫፍ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሃል አንከባልዪው» አልኳት። አልንከባለል አለ፤ አራት ማዕዘን ነው። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ናና፣ ዳማከሴ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ለጋ ግንዳቸው ማዕዘን አለው፣ ቅጠላቸው ፊት ለፊት ነው፣ ሲታሽ ይሸታል። ቅጠሉን አሸችው፣ ሸተተ። ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው።

እንግዲህ እትዬ ልክ ናቸው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ ተገኘ» ብሎ ያቆማል። ችግሩ ግን የወፍ ቆሎም እነዚህን ሁሉ ያሟላል። ፊት ለፊት ቅጠል፣ አራት ማዕዘን ግንድ፣ ጥርሳም ጠርዝ፣ ሲያሹት ሽታ። ቤተሰቡ ሌላ ነው፣ ሳያብብ ግን በተለይ ለጋው ዳማከሴ መስሎ ቁጭ ይላል። የወፍ ቆሎ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ፣ ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ለጌጥ ተብሎ በዓለም የተዛመተ ነው፤ በእኛም አገር ምሥራቁ ክፍል፣ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ፣ ከአጥር አምልጦ አስቸጋሪ አረም ሆኗል። ከብት ሲበላው ጉበቱን ይጎዳዋል፣ ቆዳውም ፀሐይ እንዳይችል ያደርገዋል። ለሕፃን ጨምቆ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ሁለቱን ለመለየት እንዲህ አደረግን። ጣቷን በግንዱ ላይ ከሥር ወደ ላይ ቀስ ብላ እንድታስኬድ ነገርኳት፤ የወፍ ቆሎ ወደ ታች የታጠፉ ትናንሽ እሾሆች ስላሉት ያዝ ያዝ ያደርጋል። «ትንሽ ይጭራል» አለችኝ። ይሄ ብቻውን አይበቃም፤ እሾሁ ከቁጥር የማይገባ የጌጥ ዝርያም አለ። ስለዚህ ቅጠሉን። የወፍ ቆሎ ቅጠል ላዩ እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ነው፣ የዳማከሴ ግን ለስለስ ያለ ጸጉር አለው።

ሻካራና ለስላሳ ደግሞ በቃል ሲነገር ያከራክራል። እዚህ ላይ እትዬ ያለ ጠብ ጠቀሙን፤ ዳማከሴ ያሉት ያለ ነገር አይደለም፣ የራሳቸው ግቢ ውስጥ አለ፣ ዘመናቸውን ሙሉ የተጠቀሙበት። «አንድ ዘለላ ለምኛቸው» አልኳት። ሁለቱን ቅርንጫፎች ጋዜጣ ላይ ጎን ለጎን አጋድማ አነሳቻቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ከማንኛውም መጽሐፍና መተግበሪያ በላይ የሚሠራው ይሄ ነው፦ የምትጠረጥሩትን በእርግጠኝነት ከሚታወቀው አጠገብ ማስቀመጥ። የእትዬ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ያለፈበት አበባ ነበረው፤ በአንድ ዘንግ ላይ ደረጃ በደረጃ፣ እየከበበ የወጣ፤ ከደረቀው ሽፋን ውስጥ ሲራገፍ አራት አራት ደቃቅ ፍሬ ይወጣል። የእሷን ቁጥቋጦ በጀርባው በኩል ስትፈልግ ደግሞ አንድ የደረቀ የአበባ ራስና ጥቁር፣ ድቡልቡል ፍሬዎች አገኘች። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። የወፍ ቆሎ ነው።

አበባውን የምታውቁት ትመስላላችሁ፤ በአንዱ ራስ ላይ መሃሉ ቢጫ፣ ዳሩ ሮዝ ወይም ቀይ የሆነው። አዲስ የፈነዳው ቢጫ ነው፣ ሲያረጅ ይቀላል፤ ለዚያ ነው ሁለት ቀለም የሚመስለው። ቢራቢሮ ይወደዋል፣ ስለዚህ ንቀሉት አልልም። ልጅ ካለ ግን ፍሬውን ሳይበስል መልቀም፣ በግ የታሰረበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ማራቅ ነው። ዳማከሴውን እትዬ ራሳቸው ቆርጠው ሰጥተዋታል፤ እርጥበት ያለው አፈር ላይ ሰክታዋለች።

መቅመስን በተመለከተ፦ ማሸት፣ ማሽተት ይፈቀዳል፤ ምላስ ላይ ማድረግ አይቻልም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ደግሞ፣ እንደ ቁልቋል ያለውን፣ ዓይናችሁን ሳትነኩ እጃችሁን ታጠቡ።

በዚህ ሁሉ ያልተለየ ከሆነ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ባለ 8 ቅጹ የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መጽሐፍ የተሰናዳው በዚያ ቤት ባለሙያዎችና በውጭ ባልደረቦቻቸው ነው። ለባለሙያ የሚቀርበው ናሙና አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ይሁን፤ ቅጠሉ አንዳንዱ በፊቱ፣ አንዳንዱ በጀርባው እንዲታይ አድርጋችሁ በጋዜጣ መሃል ዘርጉትና ከባድ ነገር ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ካልቀየራችሁት ይሻግታል። አበባው ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ጻፉት፤ ከቀለሙ ጋር ቁመቱን፣ ሽታውን፣ የበቀለበትን ቦታና ቀኑን።