በስኳር ሕመም የቆሰለ እግር፦ አጥንቱን የሚያሳዩ ምርመራዎች

በስኳር ሕመም እግሩ የቆሰለና ቁስሉ ያመረቀዘ ሰው ሕክምናው የሚወሰነው ኢንፌክሽኑ አጥንት መድረስ አለመድረሱ ሲታወቅ ነው። ሥጋ ላይ ብቻ ከቀረ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ይበቃል። አጥንት ከገባ ግን መድኃኒቱ እስከ ስድስት ሳምንት ይረዝማል፤ ካልሆነም የተበላሸው አጥንት በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስኳር ሕሙማንን እግር የሚከታተለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድንና የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በጋራ ያወጡት መመሪያ የምርመራውን ቅደም ተከተል አስቀምጧል። በቅድሚያ ቁስሉ በብረት ይፈተሻል፣ ደም ይመረመራል፣ ተራ ራጅ ይነሳል። ኤምአርአይ የሚታዘዘው ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ ከቀረ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በአዲስ አበባ ለየካ ክፍለ ከተማና ለእንጦጦ አካባቢ ታካሚ ትልቅ ትርጉም አለው። በክፍለ ከተማው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው ምኒልክ ሆስፒታልና በ2012 ዓ.ም. ለኮቪድ ሕሙማን ማዕከል የነበረው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይገኛሉ። ራጅ በየትኛውም ጠቅላላ ሆስፒታል ሊኖር የሚገባው መሣሪያ ሲሆን ኤምአርአይ ግን ውድና በጥቂት ቦታ የተወሰነ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደግሞ ከሆስፒታል ርቆ ነው። የእንጦጦ ዳገት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ድንጋያማውን መንገድ በእግራቸው ይመላለሱበታል፤ ምእመናን እንጦጦ ማርያም ሲሳለሙ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ስኳር ነርቩን የጎዳው ሰው ጠጠር ሲወጋው አይሰማውም፤ ወደ ሐኪም የሚመጣው ቁስሉ ከጠለቀ በኋላ ነው።

በብረት መፈተሽ ማለት ንጹሕና ደነዝ የብረት ዘንግ ወደ ቁስሉ በቀስታ አስገብቶ ጠንካራ አጥንት ይነካ እንደሆነ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት፣ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን መካከል አጥንት የተነካባቸው 89 በመቶዎቹ በእርግጥም የአጥንት ኢንፌክሽን ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ሲሞከር ግን ቁጥሩ ወደ 57 በመቶ ወረደ፤ በተቃራኒው አጥንት ካልተነካ ኢንፌክሽኑ የሌለ መሆኑ 98 በመቶ ያህል አስተማማኝ ሆነ። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ደረጃ የዚህ ፍተሻ ትልቁ ጥቅም ጥርጣሬን ማስወገዱ ነው።

ራጅ ከጦር ሜዳ ቁስለኞች ጋር የተዋወቀው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ወታደራዊ ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን በኔፕልስ በዚህ ጨረር መርምሯል። ለአጥንት ኢንፌክሽን ግን የራጅ ድክመት መዘግየቱ ነው። አጥንት ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ካላጣ ለውጡ በፊልሙ ላይ አይወጣም፤ ይህም ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የመጀመሪያው ፊልም ደህና መሰለ ተብሎ ታካሚው ከተሸኘ ስሕተት ይሠራል። ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ተደግሞ ሲነሳና ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን የአጥንቱ ጠርዝ መበላቱ፣ ሽፋኑ መነሳቱ ወይም የሞተ ቁራጭ መለየቱ ይገለጣል። ገንዘብ በሌለበት አገር ከአንድ ኤምአርአይ ይልቅ በጊዜ ተለያይተው የተነሱ ሁለት ራጆች ብዙ እግር ያድናሉ።

ኤምአርአይ የመቅኒውን ስብና እርጥበት ስለሚለይ ኢንፌክሽኑን ቀድሞ ያያል፤ ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙን ያህል ይይዛል። ከባዱ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሻርኮ የሚባለው፣ በነርቭ ጉዳት ምክንያት መገጣጠሚያዎች የሚፈርሱበት በሽታም እግሩን ያሳብጣል፣ መቅኒውንም ያረጥባል። ምስሉን ብቻ ያነበበ ሐኪም ጤነኛ አጥንት ሊያስቆርጥ ይችላል። የሚለያቸው ቦታው ነው። ሻርኮ አብዛኛውን ጊዜ የመሐል እግሩን መገጣጠሚያዎች በብዛት ይይዛል፣ ቆዳውም ያልተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽን ግን ከቁስሉ ሥር ካለው አጥንት ይነሳል፣ ጣቶችንና ተረከዝን ይወዳል። ቁስሉን ሳያይ ኤምአርአይ የሚያነብ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ግማሹን ማስረጃ አጥቷል፤ በማዘዣው ወረቀት ላይ የቁስሉን ቦታ መጻፍ የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ነጭ የደም ሴሎችን በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ምልክት አድርጎ መከታተልና ፔት ስካን ኤምአርአይ ለማይሆንላቸው ሕሙማን አማራጭ ናቸው።

ምስል አጥንቱ መታመሙን እንጂ ያሳመመውን ተሕዋስ አይናገርም። ለዚህ በራጅ እየተመሩ በጤነኛ ቆዳ በኩል ከአጥንቱ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ከቁስሉ ፊት የሚጠረግ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ማከሚያ እንደነበር ያስታወሰ ሐኪም፣ የአጥንት ነቀርሳም ተመሳሳይ ምስል እንደሚሰጥ አይረሳም።

ውሳኔው ከዚህ ይከተላል። የተጠራቀመ መግል፣ በሥጋ ውስጥ የታየ ጋዝ ወይም የሞተ አጥንት ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ኢንፌክሽኑ በእግሩ የፊት ክፍል ተወስኖ፣ መግልም የሞተ ሥጋም ከሌለ ግን መድኃኒት ብቻውን ሊሞከር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በስፔን የወጣ ጥናት በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ የሁለቱ መንገዶች ውጤት ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ተቆርጦም በቀረው አጥንት ጫፍ ላይ ተሕዋስ ከተገኘ እስከ ሦስት ሳምንት መድኃኒት ይጨመራል። ከሁሉም በፊት በዶፕለር አልትራሳውንድ የእግሩ የደም ፍሰት መታየት አለበት፤ ደም ያልደረሰበት እግር መድኃኒትም አይደርሰውም።

ድኗል ለማለት ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። በኤምአርአይ ላይ የመቅኒው እርጥበት ከዳነ በኋላም ስለሚቆይ፣ ክትትሉ በአብዛኛው በቁስሉ ሁኔታና በተራ ራጅ ይካሄዳል። ራጅ የሚነበበው በንጽጽር ስለሆነ ታካሚው የመጀመሪያውን ፊልም ጠብቆ በየቀጠሮው ይዞት ይምጣ፤ ሐኪሙም ሳይጠይቀው አይለፍ።