አፕል ብርድ ይቆጥራል

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የሙዙን ቆላ ከኋላ ትቶ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጨንቻ ያደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንሰትና ገብስ ከጥንት የኖሩበት ይህ ደጋ አፕልን ያወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ሚስዮናውያን ችግኝ ሲያመጡ ነው። ዛሬ የጨንቻ ገበሬ ፍሬውንም ችግኙንም ይሸጣል፤ ችግኙም ወደ ሌሎች ደጋዎች ይሄዳል። ከተተከለው መካከል ግን ስንት ዓመት ተጠብቆ ከቅጠል በቀር የማይሰጥ ዛፍ አለ። ባለቤቱ አፈሩን ይወቅሳል፣ ውሃውን ይጠረጥራል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው የዝርያውን ስም ነው።

የአፕል የትውልድ ቦታ መካከለኛው እስያ፣ በካዛኪስታን በኩል ያለው የቲያን ሻን ተራራ ነው። እዚያ ብርዱ ወራት ይቆያል። በመሀል አንድ ሞቃት ሳምንት ቢመጣና ዛፉ ተታሎ ቢያብብ፣ ተከትሎ የሚመጣው ውርጭ አበባውን ያረግፈዋል። ስለዚህ ዛፉ መከላከያ አበጀ። የብርዱ ወቅት ሲቃረብ እንቡጦቹ ይተኛሉ። አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን እድገታቸውን ይገታል፤ የእንቡጡን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያገናኙት ረቂቅ ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ። ከዚህ እንቅልፍ ሙቀት ብቻውን አይቀሰቅሳቸውም። ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ ቅዝቃዜ በቂ ሰዓት ማሳለፍ አለባቸው፤ ሙቀት የሚጠቅማቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚበቃው ሰዓት እንደ ዝርያው ይለያያል። ሬድ ዴሊሽየስ ከ700 ሰዓት በላይ ይሻል፤ አና ግን 300 እንኳ ሳይሞላ ይነቃል። የእኛ ደጋ ችግር ደግሞ ብርዱ በሌሊት መጥቶ በቀን መሄዱ ነው። የቀትሩ ፀሐይ ሲበረታ ሌሊቱን ከተጠራቀመው ላይ ይቀንሳል። ሂሳቡ ያልሞላለት ዛፍ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቅርንጫፉ መሀሉ ራቁቱን ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል ይይዛል፣ አበባው ለሳምንታት እየተንጠባጠበ ይወጣል። ማዳበሪያ ቢጨመርለት ቅጠሉ ይለመልም ይሆናል፤ የጎደለውን ብርድ ግን አይተካለትም።

ለሞቃት አገር መድኃኒቱ የተገኘው ከሞቃት አገር ነው። አና በእስራኤል ተዳቅላ የወጣች ዝርያ ናት። ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ብርድ እምብዛም ከማያውቁት ከባሃማስ ደሴቶች የተገኘ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ መትከል ይበጃል፤ ምክንያቱም አፕል በአብዛኛው የራሱን የአበባ ብናኝ አይቀበልም። በሴቴው የአበባ ክፍል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ዝምድናውን ለይቶ የብናኙን እድገት ያከሽፈዋል። ስለዚህ አንድ ዝርያ ብቻ የሞላበት ማሳ ቢያብብም ብዙ አያፈራም። ፍሬው ወገቡ ላይ ሲቆረጥ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይታያል፤ በየጫፉ በተለምዶ ሁለት ሁለት ዘር አለ። አንዱ ጎን ዘር ካልያዘ ፍሬው ወደዚያው ይጣመማል፣ ምክንያቱም ሥጋው እንዲያድግ የሚያዘው ሆርሞን ከዘሩ ይመነጫል። ጠማማ ፍሬ የበዛበት ገበሬ ብናኙን የሚያደርሱትን ንቦች ይመልከት፤ አበባ ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ የሚጎዳው እነሱን ነው።

የሰው እጅም ብዙ ያግዛል። በኢንዶኔዥያ፣ በምሥራቅ ጃቫ የባቱ ደጋ፣ ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ይመለምላሉ። እንቡጡ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ ሳይገባ ዕድገት የሚገታው የቅጠሉ መልእክት ይቋረጥበታል፤ ዛፉም እንደገና ያብባል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለቅሙት በዚህ ነው። ሌላው ወጪ የሌለው ሥራ ቅርንጫፍ ማጋደል ነው። ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ ቅርንጫፍ ጉልበቱን በእንጨት ይጨርሳል፤ በገመድ ወደ ጎን ሲሳብ ግን ከጫፉ ወደ ታች የሚወርደው ሆርሞን ጫናው ይላላል፣ የጎን እንቡጦች ይነቃሉ፣ ለፍሬም ይዘጋጃሉ። ገረዛውም ቢሆን ለቁመት ሳይሆን ብርሃን ወደ መሀል እንዲገባ የሚደረግ ነው።

ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም፤ ችግኙ ሁሉ በማጋጠም የሚዘጋጀውም ለዚህ ነው። የአንዱ ሥር ላይ የሌላው ቀንበጥ ይጋጠማል፣ ልጣጭ ከልጣጭ፣ እርጥቡ አረንጓዴ ሽፋን ከእርጥቡ ሽፋን ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ በላስቲክ ይታሰራል። ችግኝ የሚገዛ ሰው ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሁለት ስም ይጠይቅ፦ የላዩንና የሥሩን። ሻጩ የማያውቀው ከሆነ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂድ።

ቀድሞውኑ የማይስማማ ዝርያ የተከለ ገበሬም ዛፉን ነቅሎ ለማገዶ ማዋል የለበትም። ሥሩ ጤናማ ከሆነ ዋና ዋና ቅርንጫፎቹ ተቆርጠው የአና ወይም የዶርሴት ቀንበጥ ይጋጠምባቸዋል። አንድ ቅርንጫፍ ለጊዜው ሳይቆረጥ ይተውና ሥሩን ይመግባል። የተጋጠመው ሲጸና እሱም በተራው ይቀየራል። ሥሩ መሬቱን አስቀድሞ የያዘ ስለሆነ ፍሬው ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ይደርሳል።